የሰባት ሰዓቷ ኩባያ

በ2015 ክረምት ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ቆመ።

ሰሊጡ ከጉልበት ሳያልፍ አበበ። ማሽላው ቀጨጨ። ከደጋ ይወርድ የነበረው ሠራተኛ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ሲዘጋ ግማሹ ቀረ። ማዶ ሱዳን ጦርነት ነው፤ ጫኝም ገዢም የለም። ሳይታጨድ የቀረውን ከብት አስገባሁበት።

የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

የሆነ ነገር ነው። ልጄ ሰርካለም በሕይወት አለች፤ ጠይቋት። ጎረቤታችን ዘሀቢያም አለች።

ቦታው የመተማ ቆላ፣ ሸሕዲ፣ የገዛ ቤቴ ሳሎን። ወሩ መጋቢት። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት።

ሌሊት አይደለም... ሌሊት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ቆላ በመጋቢት ሰባት ሰዓት ማለት ውሻ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት ነው። ሰው የለ፣ ባጃጅ የለ። የጣራው ቆርቆሮ ብቻ በሙቀቱ ቋ... ቋ... ይላል።

በዚያ ሰዓት ነበር የሚመጣው።

ነገሩ የጀመረው በማሩ ነው።

ማሩ የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነበር። ከዳባት በእግር አብረን ወረድን። ከሽንፋ ወዲያ ያለውን ጫካ አብረን መነጠርን፤ አንድ ትራክተር በጋራ ገዛን። ልጄን ሰርካለምን ክርስትና ያነሳቻት ሚስቱ ሀብትነሽ ናት። በኋላ እሱ መተማ ዮሐንስ ገብቶ ነጋዴ ሆነ፤ እኔ እርሻው ላይ ቀረሁ። ከአራት ዓመት በፊት ሀብትነሽ ሞተች። ስኳር ነው አለኝ። አብረን ቀበርናት።

በየካቲት መጨረሻ ማሩ ፒካፑን ደጄ ላይ አቆመ። ከኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ጭኗል።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አልኩት።

«ዓሣ።»

«እሰይ። ዘይት አለን።»

«ያ ዞል!» አለኝ፤ በሱዳኖቹ አፍ «አንተ ሰው» ማለት ነው። «ይኼ የሚበላ አይደለም። የሚታይ ነው።»

ብርድ ልብሱን ገለጠው። ርዝመቱ አንድ ሜትር የሚሆን የመስታወት ገንዳ። ዓሦቹ በባልዲ ናቸው። ደህና ዘመን ሳለ ከካርቱም ያስመጣቸው ናቸው፤ ቤቱ ሳሎን ውስጥ አይቻቸዋለሁ።

«ጎንደር ልገባ ነው» አለኝ። «እዚህ ምን ቀረኝ? እነዚህ ደግሞ የዚያን ብርድ አይችሉም። አንተ ዘንድ ይቀመጡ። አማና ነው።»

አማና በእኛ አገር ቀላል ቃል አይደለም። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማና ተብሎ የተሰጠውን አያጎድልም። አንዲት መርፌም ብትሆን።

ተቀበልኩት።

አያያዙን ለሰርካለም አሳያት። ሰርካለም አስተማሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ ዘንድ ነው የምትኖር። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለው በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ይደር አላት። በሳምንት አንዴ ከገንዳው ሲሶውን ቀድታችሁ ለውጡት። ምግባቸው በሁለት ጣት የምትያዝ ቁንጥር ናት፤ ከዚያ ከበለጠ ውሃው ይበላሻል። አየር የምትነፋዋ ትንሽ ሞተር እንዳትጠፋ፤ መብራት ሲሄድ ከሶላሩ ባትሪ ሰኩት። ውሃው ሲሞቅባቸው በረዶ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንሳፍፉበት።

ደህና ነገር ነው የነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ክዳን እንዳታደርግበት። ይታፈናሉ።»

«እሺ።»

«በየቀኑ አንድ ኩባያ ውሃ ይጎድላል። ሙቀቱ ነው። በዚህች ሙላው።» ጠርዟ አረንጓዴ የሆነች የቆርቆሮ ኩባያ ሰጠኝ። «ከሰባት ሰዓት በኋላ።»

«ለምን ከሰባት በኋላ?»

«ልማዳቸው ነው።»

ይህን ሲል ጆሮውን አከከ። ማሩ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። አርባ ዓመት አውቀዋለሁ።

አየሁ... ዝም አልኩ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ተነፈሰ። ከትከሻው ጆንያ ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ።

ዓሦቹ ሰባት ናቸው። ሁለቱ ጠፍጣፋ ባለ ጥቁር መስመር። አንዱ ጥቁር፣ መስታወቱ ላይ በአፉ ተለጥፎ የሚውል። አራቱ ትናንሽ ብርቱካንማ። ከአራቱ አንዷ ጭራዋ ረጅም ነው፣ እንደ መጎናጸፊያ ይጎተታል፤ ጫፉ ላይ ተቀዷል። ሰርካለም «ሙሽሪት» አለቻት።

እውነቱን ለመናገር ወደድኳቸው። እርሻው ከከዳኝ ወዲህ ቀኑ ይረዝምብኝ ነበር። በርጩማ ስቤ ፊታቸው እቀመጣለሁ። ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳደርግ ሙሽሪት ትመጣለች።

በረዶውን የምታቀዘቅዝልን ዘሀቢያ ናት። ደጇ ላይ ለስላሳና ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች።

«ጋሽ አንዱአምላክ፣ ለዓሣ በረዶ!» ትለኛለች። «እኔ እኮ ለባሌም አልሰጠሁ።»

«ባልሽ ጭራ የለውም።»

«እሱንስ ማን ያውቃል!»

አንድ ሳምንት እንዲህ ደህና ሄደ።

ከዚያ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ውሃው ነው። መጠኑን ለማወቅ መስታወቱ ላይ በውሃው ልክ ፕላስተር ለጠፍኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ፕላስተሩ ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ኩባያ ጎድሏል። ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ያው ነው... አይጎድልም። ዘጠኝ ሰዓት ላይም አይጎድልም።

ሙቀት ሰዓት አይመርጥም።

ቀጥሎ ዓሦቹ ናቸው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ኋላኛው ማዕዘን ይሄዳሉ። ጥቁሩም መስታወቱን ለቆ ይሄዳል። ተደራርበው ይቆማሉ። አይንቀሳቀሱም።

ቀጥሎ ወለሉ ነው። ከገንዳው ፊት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሁለት ክብ የአፈር ምልክት አገኘሁ። ጎን ለጎን። ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። የእኛ ግቢ ቀይ አሸዋ ነው።

ጠረግኩት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ነበር።

ተንበርክኬ ለካሁት... ጉልበቴ ልክ ገባበት።

አንገቴን ሳቀና አፌ ከገንዳው ጠርዝ ጋር እኩል ሆነ።

ለሰርካለም አልነገርኳትም። በማግስቱ ግን እሷ ጠራችኝ።

«አባየ፣ ይዩት እስቲ። ምንድነው ይኼ?»

ውሃው ላይ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ተንሳፍፋለች። በዚያ ዓመት በቤታችን ሰሊጥ አልገባም።

በዚያው ቀን ዘሀቢያ በረዶውን ስታቀብለኝ፣ «እንግዳችሁ ሄደ እንዴ?» አለችኝ።

«የምን እንግዳ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ደጃችሁ የቆመው። ልጅ እግር ነው። ጋቢ ተከናንቧል። በዚህ ንዳድ ጋቢ! ደግሞ ይንቀጠቀጣል።»

«ገባ?»

«እኔ ሳንቲም ልመልስ ዞር ስል የለም። ገባ መሰለኝ... ምነው? ምን ሆኑ?»

«ምንም።»

በሦስተኛው ቀን ሙሽሪት ጠፋች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበረች። ሰባት ተኩል ላይ ዓሦቹ ስድስት ናቸው። ከገንዳው ዘላ እንደሆን ብለን ወለሉን ፈለግን። ከአልጋ ሥር፣ ከምንጣፍ ሥር ፈለግን። ጉንዳን የያዘው ነገር የለም። እርጥብ ነገር የለም። ሰርካለም እንደ ልጅ አለቀሰች።

ውሃው ግን ያን ቀን ከአንድ ኩባያ ትንሽ በልጦ ነበር የጎደለው... ዓሣይቱን የሚያህል።

አማና ጎደለብኝ። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ማሩ ክዳን አታድርግ ማለቱ ትዝ አለኝ፤ ነገር ግን ክዳን ባይኖር ነው የጠፋችው። ለአየር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቼ በወፍራም መስታወት ከደንኩት። ከላይ ድንጋይ ጫንኩበት።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

ጥ... ጥ... ጥ...

ጥፍር ነው። መስታወት ላይ።

ከዚያ ዝም አለ።

ስገባ ማንም የለም። ውሃው ከፕላስተሩ አልወረደም። ክዳኑ ላይ ግን፣ ከውጭ በኩል፣ የትንፋሽ ላብ አለ። ክብ ነው። መሐሉ ላይ የከንፈር ቅርጽ አለ... የተሰነጣጠቀ ከንፈር።

በእጄ ጠረግኩት። ቀዘቀዘኝ።

በዚያው ምሽት ሰርካለም ውሃ ጠማት።

አንድ ጆግ ጠጣች። ደግማ ቀዳች። ሲነጋ እንስራው ባዶ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ተሰነጣጥቋል። ክሊኒክ ወሰድኳት። ስኳር የለባትም አሉ። ወባ የለባትም። ጉሉኮስ ሰቀሉላት። ሁለት ከረጢት ወረደ፤ ምላሷ እንደ ደረቀ ቀረ። ሐኪሙ ክንዷን ቆንጥጦ ሲለቀው ቆዳዋ እንደተቆነጠጠ ቆመ። «ጎንደር ውሰዷት» አለኝ። መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን ዝግ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ አለቀሰች። እንባ አልወጣም።

«አባየ...» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አለሁ።»

«ስጠጣው ውስጤ አይደርስም። መንገድ ላይ የሚቀበለኝ አለ።»

ይህን ቃል ሰምቼው አውቃለሁ። በሀብትነሽ ልቅሶ ላይ፣ ያስታመሟት ሴቶች እርስ በእርስ ሲያወሩ። «የምጠጣውን ይቀበሉኛል እያለች ሞተች» ሲሉ።

ልጄን ለዘሀቢያ አስረክቤ በመጀመሪያው ሚኒባስ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። ጠዋት ነው። ማሩ ሳሎኑ ውስጥ በታሰረ ዕቃ መሐል ተቀምጧል። አየኝ። ገና ሳልናገር፦

«ከደንከው» አለኝ።

«ልጄ እየሞተች ነው።»

«ክዳኑን አንሳ። ትድናለች።»

ስልኬን አውጥቼ ዘሀቢያ ጋ ደወልኩ። ክዳኑን አንሺ፣ ለምን አትበይኝ አልኳት። ከዚያ ተቀመጥኩ።

«ማነው?»

የታሰረውን ዕቃ ገመድ ማጥበቅ ጀመረ።

«ማነው አልኩህ፣ ማሩ።»

«ታውቀዋለህ።»

«ንገረኝ።»

«ደረበ» አለ። በከንፈሩ ብቻ ነው ያለው።

ደረበ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጥቅምት 1994። ሰሊጣችን በአንድ ጊዜ ደረሰ። የደረሰ ሰሊጥ አንድ ቀን ካደረ ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ያን ሰሞን ሰው አይተኛም። ደረበ ከጎጃም የመጣ አጫጅ ነበር፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ወባ ጣለው። ጋቢውን አከናንበን በማሳው ጫፍ ከአንድ የኩርኩራ ዛፍ ሥር አስተኛነው። ሠራተኛውን ወደ ሌላው ማሳ አሻገርን። እኔ ከሠራተኛው ጋር ነበርኩ። ማሩ ትራክተሩን ይነዳል።

ሰባት ሰዓት ላይ አሥር ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ለማሩ ሰጠሁት። «ለዚያ ልጅ አድርስለት» አልኩት።

ማታ ባዶውን ጀሪካን መለሰልኝ።

«ጠጣ?»

«ጠጥቶ ተኛ» አለኝ።

በማግስቱ ሞቶ አገኘነው። እዚያው ቀበርነው። በጥር እናቱ መጣች፣ ከቋሪት፣ በአውቶቡስና በእግር። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«አፉን አርሶ ነው የሞተ?»

ማርያምን፣ ጠጥቶ ነው የሞተ አልኳት። ማልኩላት። መሬቱን ስማ ተመለሰች።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ መሐላ ተኝቻለሁ።

አሁን ማሩ ጆሮውን አላከከም። ወለሉን እያየ ነው የነገረኝ።

«መንገድ ላይ ትራክተሩ ፈላ። ራዲያተሩ ደርቋል። ወንዙ ሩቅ ነው። ሰሊጡ እየረገፈ ነው። ጀሪካኑ አጠገቤ ነበር...»

«ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርከው።»

«ግማሹን ላስቀርለት ነበር። አልበቃ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከኩርኩራው ሥር አየኝ። እጁን ዘረጋ። መጣሁ አልኩት... አልፌው ሄድኩ።»

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው የሚመጣብኝ» አለ። «መጀመሪያ ደጄ ላይ ያለውን ዚር፣ የሸክላውን የውሃ ጋን ነበር የሚጠጣው፣ ለመንገደኛ ያስቀመጥነውን። ሀብትነሽ ቆሻሻ ገባበት ብላ ከደነችው። የሆነውን አየህ። ከዚያ ቤት ውስጥ ገባ። ገንዳውን ያመጣሁት ለእሱ ነው። ክፍት ውሃ ካገኘ ሰው አይነካም። አንድ ኩባያ ጠጥቶ ይሄዳል።»

«ይህን አውቀህ ለእኔ አመጣህልኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ብቻዬን አጠጣሁት! ሰሊጡን የሸጥን ሁለታችን ነን። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

«ሰርካለም የሀብትነሽ የክርስትና ልጅ ናት።»

«ክዳን አታድርግ ብያለሁ።»

«ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም።»

«ብነግርህ ትቀበለኝ ነበር?»

አልመታሁትም። መምታት የፈለግኩት ለሰርካለም ሳይሆን ለመሐላዬ ነበር። አርባ ዓመት ከአጠገቡ በልቻለሁ። ቤቴ ገብቶ፣ ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዓሣ እንዴት እንደሚመገብ አስተማራት።

ስለ ራሴም አንድ ነገር አለ። እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገርኩትም።

በ1994፣ ያን ማታ ባዶውን ሲመልስልኝ የጀሪካኑን አፍ አይቻለሁ። የትራክተር ግራሶ ነበረበት። ጥቁር፣ የአውራ ጣት ያህል። ውሃ የጠጣ በሽተኛ ግራሶ አይነካም።

አየሁ... ዝም አልኩ። ሰሊጡ እየረገፈ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ዘሀቢያ ናት። ክዳኑን አንስታለች። ሰርካለም ትንሽ ምራቅ ዋጠች አለችኝ።

«አየህ?» አለ ማሩ። «አንድ ኩባያ ናት። በቀን አንድ ኩባያ። ምን ይከብድሃል?»

«እኔ ስሞትስ? ልጄ ትቀጥል?»

ዓይኑን ወደ ታሰረው ዕቃ መለሰ።

«የእሱ አንድ ኩባያ አይደለም» አልኩት። «አንድ ጀሪካን ነው። ቦታውም ሳሎን አይደለም። ተነሣ።»

«አንዱአምላክ... እዚያ አልሄድም።»

«ተነሣ አልኩህ።»

ከፒካፑ ኋላ አሥር ሊትር ጀሪካን አወጣ። አፉ ላይ ግራሶ አለ። በሸማዬ ጫፍ ጠርጌ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ራሴ ሞላሁት። ፒካፑ ውስጥ ገብቼ በጉልበቴ መሐል ይዤው ተቀመጥኩ።

ከሽንፋ እንዳለፍን ወደ ድሮው ማሳ የሚወስደውን የትራክተር መንገድ ያዝን። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ንፋስ የለም። ማሩ ሰዓቱን በየደቂቃው ያያል።

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ።

ሁለታችንም አወቅነው።

መኪናው ቆመ። ማሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ራዲያተሩ ይፈላል። ከዚያ ዞረና ጀሪካኑን አየው።

«ትንሽ ብቻ...»

«ተው።»

«ግማሹን። ካልሆነ እዚህ መሞታችን ነው፣ ያ ዞል! ግማሹን እኔ...»

እጁ ጀሪካኑ እጀታ ላይ ደረሰ። ያንኑ እጅ አየሁት። አሁን አርጅቷል። ያው እጅ ነው።

«ማሩ» አልኩት። «ካፈሰስከው እዚህ የማስቀርህ እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ።»

እጁን አነሳ።

ጀሪካኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ብቻዬን ሄድኩ።

ሩቅ አልነበረም። ለእኔ ዕድሜ ግን ሩቅ ነው። ሁለቴ አረፍኩ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰምቼ ማሩ ተጸጽቶ የተከተለኝ መስሎኝ ዞርኩ። ማሩ በሩቅ መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጧል።

ኮቴው ስቆም ይቆማል። ስሄድ ይሄዳል። ፈጥኖ አልቀደመኝም... የታመመ ሰው አረማመድ ነው።

ዳግመኛ አልዞርኩም።

ኩርኩራው አለ። ዙሪያው ሁሉ ታርሷል፤ ከሥሩ ያለችውን ቁራጭ ግን ማንም ማረሻ አልነካትም። ስንት ትራክተር ሲዞራት ኖሯል መሰለኝ። አፈሩ ወደ ውስጥ ሰምጧል።

ተንበረከክኩ።

«ደረበ» አልኩ። «ዘገየሁብህ።»

እዚህ የሚጮህ ቆርቆሮ የለ፣ ወፍ የለ። ጸጥ ነው።

«ግራሶውን አይቼ ነበር። ልጠይቅ ሲገባኝ ዝም አልኩ። ለእናትህም የማልኩት ውሸት ነበር። ዛሬ እውነት ይሁንልኝ።»

አፈሰስኩት። ቀስ አድርጌ፣ ሰው እንደሚያጠጡ።

አሥር ሊትር ውሃ ጭቃ ይሠራል። አልሠራም። ስንጥቁ አፍ ላይ ውሃው ጠፋ። ከዚያ ከታች ሰማሁት...

ጉልት... ጉልት... ጉልት...

እስኪያልቅ ድረስ አላቋረጠም። ካለቀ በኋላ አንድ ረጅም ትንፋሽ መጣ። ጉልበቴ ሥር ያለው አፈር ቀዘቀዘ።

ባዶውን ጀሪካን ከዛፉ ሥር አቆምኩት። እዚያው ትቼው ተመለስኩ።

ማሩ የራዲያተሩን የዛገ ውሃ በመዳፉ ጠጥቶ ኖሯል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ጠጣ?» አለኝ።

«ጠጣ።»

«ስለ እኔስ አልክለት? ይቅር በለው አልክልኝ?»

«አንተው በለው። ዛፉ ያውና። መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ዛፉን አየ። አልተነሣም። አንድ የሚያልፍ ትራክተር ውሃ እስኪሰጠን እዚያው ተቀመጥን፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጥንም። በማግስቱ መንገዱ ሲከፈት ጎንደር ገባ ሲሉ ሰማሁ። አልሸኘሁትም።

ቤቴ ስደርስ ሰርካለም ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። በዚያችው አረንጓዴ ኩባያ ውሃ እየጠጣች ነው።

«ስንተኛዋ ናት?» አልኳት።

«አንድ ናት፣ አባየ። በቃችኝ።»

በአፏ ዳር የቀረውን ጠብታ በመዳፏ ስትጠርግ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንባ! ዘሀቢያ አላህን አመሰገነች፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ በርጩማዬን ስቤ ገንዳው ፊት ተቀመጥኩ። ስድስቱ ዓሦች ወደ ማዕዘኑ አልሄዱም። ውሃው ከፕላስተሩ አልወረደም። ወለሉ ንጹሕ ነው።

ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ከደጅ አንድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ድም። ከባድ ነገር ነው።

በሩን ከፈትኩ።

ጀሪካኑ ነው። ኩርኩራው ሥር የተውኩት። ጎኑ ዋልካ አፈር ለብሷል፤ አፉ ንጹሕ ነው።

በእኛ አገር የሰው ዕቃ ሲመለስ ባዶውን አይመለስም። አነሳሁት... ሙሉ ነው።

አስገብቼ ክዳኑን ከፍቼ ገንዳው ላይ ትንሽ አዘነበልኩት። ውሃው እጄን ነካኝ። ሸሕዲ ላይ በመጋቢት እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ የለም። የዘሀቢያም በረዶ እንዲህ አይደለም።

ከውሃው ጋር አንድ ብርቱካንማ ነገር ወረደ።

ተገላበጠ። ተዘረጋ። ጭራው ረጅም ነው... ጫፉ ላይ ተቀዷል።

ሰርካለም ከኋላዬ በጣቷ ቆጠረች።

«...አምስት። ስድስት... ሰባት።»

ወደ በሩ ሮጬ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ዘሀቢያ ጃንጥላዋ ሥር እንቅልፍ ወስዷታል።

አሸዋው ላይ ግን፣ ከደጃፌ ጀምሮ፣ የባዶ እግር ዱካ አለ። እርጥብ ነው። ማሩ በሄደበት፣ ወደ ጎንደር በሚወጣው መንገድ ይሄዳል።

ያ ፀሐይ እያቃጠለው እስከ ማታ አልደረቀም።